ኦሮራ የሚኖር ላይትኒንግ፣ ዳላስ የሚወርድ ላይትኒንግ

ጥያቄ፦ «የ2003 ፎርድ ኤፍ-150 ኤስቪቲ ላይትኒንግ ፒካፕ አለኝ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። በየቀኑ ሥራ የምሄደው በእሷ ነው። ፋብሪካው ቡስቷ 8 ፒኤስአይ ነው ይላል፤ እኔ ያስገጠምኩት ጌጅ ግን ነዳጅ እስከ መጨረሻው ብረግጥም ከ6.5 አያልፍም። አንድ ጋራዥ "የ6 ፓውንድ ፑሊ ቀይርባት፣ ትነቃለች" አለኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ ባለቤቴን ይዤ ዳላስ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ሞተሩን ሳልገድል ቡስት መጨመር የምችለው ስንት ድረስ ነው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። መኪናህ አልታመመችም። 6.5 የሚያሳይህ ጌጅም ውሸታም አይደለም።

ቡስት ማለት ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ተጨማሪ ግፊት ነው፤ የሚለካው በፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ነው። ቡስት ጌጅ የሚያነበው በውጭው አየርና በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ባለው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ ራሱ 14.7 ፒኤስአይ ግፊት አለው። ፋብሪካው 8 ሲልህ 14.7 ላይ 8 ጨምሮ 22.7 ማለቱ ነው። ይህም የውጭው አየር በ1.54 ተባዝቶ ነው። የአንተ ሱፐርቻርጀር (አየሩን ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ)፣ ማለትም ኢተን ኤም112፣ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ የታሰረ ስለሆነ የትም ብትሄድ የሚያባዛበት ቁጥር ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው የሚባዛው አየር ነው። ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሯ 12 ፒኤስአይ ገደማ ነው። 12ን በ1.54 አባዛና የውጭውን መልሰህ ቀንስ። 6.5 ይመጣልሃል። ያችው መኪና አዲስ አበባ ብትሄድ ጌጁ ወደ 6 ይወርዳል፤ ማንም መካኒክ ግን «ቡስት አጥታለች» ብሎ መፍታት አይገባውም።

ስለዚህ «የጠፋብህን ለመመለስ» ብለህ ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ፣ አትቀይር። የጠፋ ነገር የለም። ተጨማሪ ጉልበት እፈልጋለሁ ካልክ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መብትህም ነው። እንነጋገርበት።

የጋራዡ ሰው የነገረህ የ6 ፓውንድ ፑሊ ስሙ የወጣው ባሕር ጠለል ላይ ነው። 8 የነበረውን ወደ 14 አካባቢ ይወስዳል ማለት ነው። አንተ ሰፈር ጌጁ 11 ወይም 11.5 ያሳይሃል። አስፈሪ አይመስልም። ባሕር ጠለል አጠገብ ያለችው ዳላስ ስትደርስ ግን ያው ፑሊ፣ ያው ሞተር፣ ያው ቺንጋ 14 አጠገብ ይደርሳል። አንዲት ብሎን ሳትነካ። በዚያ ላይ ሐምሌ ከሆነ የውጭው ሙቀት 38 ዲግሪ ነው፤ ባለቤትህ አጠገብህ ናት፤ ሻንጣው ከኋላ ተጭኗል፤ አንተ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጁን ትረግጣለህ። ሞተር የሚሞተው እንዲህ ባለች ቅጽበት ነው።

የጥያቄህ ዋናው መልስ እንግዲህ ይሄ ነው። ፑሊውን የምትመርጠው በምትኖርበት ቦታ ሳይሆን በምትነዳበት ዝቅተኛ ቦታ ሒሳብ ነው።

ለምን እንደሆነ ትንሽ ጠለቅ ብለን እንይ። ያንተ ሱፐርቻርጀር አየሩን ውስጡ አይጨምቅም። ሁለቱ ጠምዛዛ ሮተሮች አየር እየዛቁ ወደ ሞተሩ ይገፋሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። አንዴ ሲዞር 1.8 ሊትር ገደማ ይገፋል። ሞተሩ በአንድ ዙር ከ2.7 ሊትር በላይ አይውጥም፤ ሱፐርቻርጀሩ ደግሞ በዚያው ጊዜ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ይዞራል። የተረፈው አየር ማኒፎልድ ውስጥ ይታመቃል። ቡስት የሚባለው ያ ትርፍ ነው። ይህ አሠራር ከታች ጀምሮ ጉልበት ይሰጣል፤ ላይትኒንግ ከመብራት ስትነሳ የምትገፋህ ለዚህ ነው። ዋጋው ግን ሙቀት ነው።

ቁጥሩን እንየው። የሱፐርቻርጀሩ ብቃት 55 በመቶ ነው እንበል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መጥፎ አይደለም። በ38 ዲግሪ የገባ አየር በፋብሪካው ፑሊ ከሱፐርቻርጀሩ ሲወጣ ወደ 112 ዲግሪ ይደርሳል። በ2 ፓውንድ ፑሊ 128 አካባቢ ይሆናል። በ6 ፓውንድ ፑሊ ከ155 ያልፋል። ይህ እንግዲህ ብቃቱ አይወርድም ብለን ነው። እውነቱ ግን ሱፐርቻርጀሩ በፈጠነ ቁጥር ብቃቱ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ ፓውንዶች ከጉልበት ይልቅ ሙቀት ናቸው። አየሩን መልሶ የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለሩ ነው፤ እሱም የሚችለውን ያህል ብቻ ነው።

አየሩ ሲግል፣ ካንዴላው ያስነሳው እሳት ገና ያልደረሰበት ቤንዚን ራሱ ይፈነዳል። ፒስተኑ ከላይ በመዶሻ እንደተመታ ይሆናል። ኖክ የሚባለው ይሄ ነው። የላይትኒንግ ክራንክ ሻፍት ጠንካራ ነው፤ ደካማው ቦታ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) እና ፒስተኑ ናቸው። ይህን መኪና ለዓመታት የነዱና የሠሩ ሰዎች የፋብሪካው ቢየላ ጎማ ላይ ሲለካ እስከ 450 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ዕድል ነው ይላሉ። እኔ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና እዚያ ጫፍ ድረስ አልሄድም። ኖክ ካለ ደግሞ ቢየላው 450ን አይጠብቅም፤ ከዚያ በታችም ይታጠፋል።

እኔ ብሆን የማደርገው የ2 ፓውንድ የታችኛውን ፑሊ፣ ማለትም ክራንክ ሻፍቱ ላይ ያለውን፣ ነው። ኦሮራ ላይ ጌጅህ 8 ያሳይሃል፤ የተመኘኸው ቁጥር ማለት ነው። ዳላስ ስትወርድ 10 አካባቢ ይሆናል። ይህን ሞተሩ በደንብ ከተዘጋጀ ይችለዋል። የ4 ፓውንዱስ ካልከኝ፣ ለእሁድ መዝናኛ ለተቀመጠች መኪና እሺ። ጠዋት ሥራ ለሚያደርስህ መኪና አይደለም። የ6 ፓውንዱን ለጋራዡ ሰውዬ ተውለት።

የታችኛው ያልኩት በምክንያት ነው። የላይኛው ትንሹ ፑሊ ሱፐርቻርጀሩ ዘንግ ላይ ተጨምቆ የገባ ነው። ለማውጣት የራሱ መሳቢያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በመዶሻ «ቀስ ብዬ ላውጣው» የሚል ሰው ካገኘህ ቁልፍህን ተቀበለውና ሂድ፤ ውስጡ ያለውን ኩሽኔታ ይገድለዋል። በዚያ ላይ ትንሽ ፑሊ ቺንጋው የሚይዘውን ቦታ ይቀንሳል፤ ቺንጋ ያንሸራትታል። የታችኛውን ስታሳድግ ግን ቺንጋው የሚይዘው ቦታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከተገጠመ በኋላ ጌጁ ወደ 8 ወጥቶ ዙሩ ሲጨምር ተመልሶ ቢወርድ ቺንጋው እያንሸራተተ ነው። መወጠሪያውን አስመርምር፣ የቺንጋውን ርዝመት አመሳክር። ቺንጋ ላይ የሚረጭ ነገር ግን አደራህን አትርጭ፤ ለአንድ ሳምንት ይይዝና ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ፑሊውን ከመግዛትህ በፊት ግን መኪናዋ አሁን ባለችበት ጤነኛ መሆኗን እይ። ሃያ ዓመት ያለፋት መኪና ናት።

መጀመሪያ የኢንተርኩለሩን ፓምፕ። የዚህ መኪና ኢንተርኩለር የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲሞት ምንም መብራት አይበራም፣ ምንም ድምፅ አይሰማም። መኪናዋ ትንሽ ደከም ትላለች፣ በቃ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የኢንተርኩለሩን ውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ክፈት፣ ሞተሩን አስነሳ፣ በባትሪ መብራት ውስጡን እይ። ውሃው እየተላወሰ መዞር አለበት። ኩሬ መስሎ ከተኛ ፓምፑ ሞቷል ወይም አየር ይዟል። አረፋ ከበዛበት አየሩን አስወጣ። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ማቀዝቀዣም አትርሳ፤ ክንፎቹ መሀል የሞቱ ነፍሳትና አቧራ ሞልተውት አይቻለሁ። በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠበው።

ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ፑሊውን ተወውና ይህን የፊቱን ማቀዝቀዣ በትልቁ ቀይረው። ቡስት ሳትጨምር በጋ ላይ ያላት ጉልበት ይመለስልሃል። በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጣ ልዩነቱን ታየዋለህ። ዋሻው 3,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ዳገቱ ረጅም ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዣ ሁሉ እዚያ ይደክማል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር ሲጨምቁ የሚደርሱበትን ግፊት፣ አስለካ። መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ቢል አትደንግጥ፤ ያም የከፍታው ነገር ነው። የሚታየው ስምንቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ የፑሊው ወሬ እዚያው ይቆማል።

ከሞተሩ የሚወጣው የዘይት ጭጋግ በፒሲቪ ቱቦ ወደ አየር መግቢያው ይመለሳል። ዘይት ከቤንዚን ጋር ሲቃጠል ኦክቴኑን ያወርዳል፤ ኖክን ይጋብዛል። ቱቦው ራሱ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በጣትህ ስትጫነው እንደ ብስኩት ከተሰበረ ቀይረው። ዘይት የምትይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ መሀል ላይ ማስገባት ርካሽ መድኃኒት ነው።

ካንዴላ። ይህ 5.4 ሞተር ቴስታታው ላይ ካንዴላ የሚይዘው ጥርስ ጥቂት ነው፤ ካንዴላ ተፈናጥሮ የሚወጣበት ሞተር ተብሎ ስሙ የጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይፈታ፣ በቶርክ መፍቻ ይታሰር። ቡስት ስትጨምር በሙቀት ደረጃ አንድ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ አስገባ፤ ክፍተቱን ወደ 0.9 ሚሊሜትር አጥብበው፤ ከፍተኛ ግፊት ብልጭታውን እንዳያጠፋው። ያወጣሃቸውን አሮጌዎቹን አትጣል። ነጩን ሸክላ በአጉሊ መነጽር እይ። ጥቃቅን ብርማ ነጥቦች ካየህ ከፒስተን የተነሳ አሉሚኒየም ነው። ያለ ፑሊውም ኖክ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ነዳጁ። የፋብሪካው ኢንጄክተር በሰዓት 42 ፓውንድ ቤንዚን ይረጫል። ስምንት ናቸው። ከአቅማቸው 85 በመቶ ብቻ እንጠቀም፤ ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር ደግሞ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.6 ፓውንድ ያህል ይበላል ብለን እናስላ። 475 አካባቢ ይመጣል፤ ይህ ሞተሩ ላይ ነው፣ ጎማ ላይ አይደለም። መኪናህ ከፋብሪካ የወጣችው በ380 ነው። ስለዚህ ለ2 ፓውንድ ፑሊ ኢንጄክተር መቀየር አያስፈልግህም። የነዳጅ ፓምፖቹ ጤነኛ መሆናቸውንና ፊልትሩ መቀየሩን ግን አረጋግጥ፤ ግፊቱን ደግሞ መኪናዋ ቆማ ሳይሆን ነዳጅ እየተረገጠ አስለካ።

ብዙ ሰው የማያየው ጉድጓድ የአየር መለኪያው ነው፤ ማስ ኤርፍሎው የሚሉት። ሴንሰሩ የአየሩን ብዛት ለኮምፒውተሩ በቮልት ይነግራል። ከፍተኛው 5 ቮልት ነው። ላይትኒንግ ላይ ቡስት ሲጨመር ይህ ሴንሰር ጣሪያ ይነካል። ከዚያ በላይ አየር ቢገባም ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ስለማያውቅ ነዳጅ አይጨምርም። አየር በዛ፣ ነዳጅ አነሰ፣ ሞተር ጋለ።

ችግሩ ይህ ኦሮራ ላይ አይታይም። አየሩ ስስ ስለሆነ ሴንሰሩ ጣሪያ አይደርስም። ዴንቨር ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ አሥር ጊዜ ብትለካት ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቲዩነሩም (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያስተካክለው ሰው) እጁን አጨብጭቦ ይሸኝሃል። ከዚያ ቴክሳስ ስትገባ ሞተሩ ዳይኖው ላይ አንድም ቀን ያልደረሰበት ጭነት ውስጥ ይገባል። እዚያ ያለው የነዳጅና የብልጭታ ሰንጠረዥ ማንም ያልሞከረው ነው።

ስለዚህ ቲዩነሩን ስትመርጥ አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ይህች መኪና ባሕር ጠለል አጠገብ ትሄዳለች፤ እዚያ የሚሆነውን እንዴት ነው የምታዘጋጅልኝ?» የሚያውቅ ሰው ከሆነ ስለ ሴንሰሩ ራሱ ያነሳልሃል፤ ሰፊ መለኪያ ያለው እንድትቀይር ይነግርሃል። ዴንቨር ላይ ያልተደረሰበትን ሰንጠረዥ የብልጭታውን ጊዜ አዘግይቶ፣ ነዳጁን ጨምሮ ይተውልሃል። ብዙዎች ለእያንዳንዱ የተጨመረ ፒኤስአይ ብልጭታውን አንድ ዲግሪ እያዘገዩ ይጀምራሉ። «ኖ ፕሮብሌም፣ ፋይሉን በኢሜይል እልክልሃለሁ» ብቻ የሚልህን አመስግነህ ሌላ ፈልግ። ያለ ቲዩን ፑሊ ብቻ መቀየር ደግሞ፣ 2 ፓውንድም ቢሆን፣ አልመክርህም።

ሁለት ቲዩን አስጭነው፣ አንዱን ለኮሎራዶ አንዱን ለቴክሳስ፣ በእጅ በሚያዘው መሣሪያ ትቀያይራለህ የሚሉም አሉ። ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም። ሰው ይረሳል። ሌሊቱን ነድተህ፣ ደክሞህ፣ አማሪሎ ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም ትዝ የሚልህ ቡና እንጂ ቲዩን አይደለም። አንድ ቲዩን ይኑርህ፤ ለዝቅተኛው ቦታ የተሠራ ይሁን።

ቤንዚኑን በተመለከተ ኮሎራዶ ውስጥ የተራው ኦክቴን (ኖክን የመቋቋም አቅሙ) 85 ነው፤ ለአንተ መኪና ድሮም አይሆንም። ፕሪሚየሙ 91 ነው። ዳላስ 93 ታገኛለህ፤ ቡስቱ ከፍ በሚልበት ቦታ ቤንዚኑም መሻሉ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ቲዩኑ ግን በ91 ይሠራ። መሀል መንገድ ላይ 93 ላይኖር ይችላል፤ የሞላኸው 91 ደግሞ ዳላስ ስትገባ ገና ታንክ ውስጥ ነው።

ጌጅ ላይ አትሰስት። ቡስት ጌጅ አለህ፤ ዋይድባንድ፣ ማለትም ሞተሩ ለአንድ እጅ ቤንዚን ስንት እጅ አየር እንደሚወስድ የሚያሳይ ጌጅ፣ ጨምርበት። የፋብሪካው ኦክስጅን ሴንሰር ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር አካባቢ ያለውን ብቻ ነው በደንብ የሚለየው (ይህ 14.7 ከላይ ካየነው የአየር ግፊት ጋር አይገናኝም)። አንተ ማወቅ የምትፈልገው ነዳጅ ሙሉ ተረግጦ 11.5 አካባቢ መኖሩን ነው። 12.5 ካየህና እየወጣ ከሄደ እግርህን አንሳ፤ ምክንያቱን በኋላ ትፈልጋለህ። ኖክን በጆሮዬ እሰማለሁ አትበል። የሱፐርቻርጀሩ ፉጨትና የጭስ ማውጫው ድምፅ ይሸፍነዋል።

ካምቢዮዋ ጠንካራ ናት፤ ጠላቷ ሙቀት ነው። ዘይቷን እይ፤ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ከፑሊው በፊት እሷን አሳክማት።

በየቀኑ ስለ መንዳቱ ብዙ አትስጋ። ቀስ ብለህ ስትነዳ የሱፐርቻርጀሩ ባይፓስ ቫልቭ ክፍት ነው፤ አየሩ እዚያው ይዞራል፤ ቡስት የለም። ሥራ ደርሰህ እስክትመለስ ሞተሩ ፑሊ መቀየሩን ብዙም አያውቅም። የሚጎዳው ለረጅም ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ነው፤ ተጎታች ይዞ ዳገት መውጣት ለምሳሌ። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን «አየር ይከፍታል» ብሎ አውጣው የሚልህን አትስማ። ሕገ ወጥ ነው፤ ዴንቨር አካባቢ ደግሞ የጭስ ምርመራ አለ። ለ2 ፓውንድ ምንም አይጠቅምህም።

መጀመሪያ ዳላስ ስትወርድ በቲዩነሩ መሣሪያ ሎግ እየያዝክ ሂድ። በረድ ባለ ጠዋት፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ አንዴ ብቻ ሙሉ ነዳጅ ርገጥ፤ መቅጃው የሴንሰሩን ቮልት፣ ዋይድባንዱን፣ ቡስቱንና የአየሩን ሙቀት ይያዝልህ። ቮልቱ 5 ነክቶ ከሆነ ወይም አየሩ ከኢንተርኩለሩ በኋላም ግሎ ከሆነ ቲዩነሩ እስኪያይልህ ድረስ እዚያ ስትቆይ በግማሽ ነዳጅ ንዳ። ፋይሉን እህትህ ቤት ሆነህ ላክለት፤ የሚስተካከል ነገር ካለ ሳትመለስ አስተካክሎ ይልክልሃል።